ድረ ገጹ ከ2 ሜጋባይት በላይ ፋይል አልቀበል ብሏል፤ ገደቡ የት የት ነው ያለው?

የጋዜጣ_ማኅደር፦

ጤና ይስጥልን። ቪፒኤስ (ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ ራሳችን የምናስተዳድረው የዎርድፕረስ ድረ ገጽ ነው። ኡቡንቱ 24.04፣ ኤንጂንኤክስ (ዌብ ሰርቨሩ)፣ ፒኤችፒ 8.3 በኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለዌብ ሰርቨሩ የሚያስኬደው አገልግሎት)፤ ከፊት ለፊቱ በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል የሚቆመው የክላውድፍሌር ነፃው አገልግሎት አለ። የሚጫኑት ስካን የተደረጉ የቆዩ ጋዜጦች ናቸው። አብዛኞቹ ፒዲኤፎች ከ20 እስከ 60 ሜጋባይት ናቸው፤ የሙሉ ወር ጥራዞቹ ግን 180 ሜጋባይት ድረስ ይሄዳሉ። ጫኚዎቹ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሆነው በሞባይል ዳታ ነው የሚልኩት።

እስካሁን የተሞከረው፦

ተርሚናል ላይ «ፒኤችፒ --አይኤንአይ» ብለን ያሳየንን ፋይል ከፍተን «አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ»ን 200 ሜጋባይት አደረግን፤ ኤንጂንኤክስንም ሪስታርት አደረግን። አሁን ተርሚናሉ 200 ያሳያል፤ የዎርድፕረስ የሚዲያ ገጽ ግን ከፍተኛው መጠን 2 ሜጋባይት ነው ማለቱን አልተወም። ከዚያ «.ኤችቲአክሰስ» ውስጥ «ፒኤችፒ_ቫልዩ» የሚለውን መስመር ጨመርን። ለውጥም የለም፣ ስሕተትም አልመጣም። ይበልጥ ግራ የገባን ደግሞ 2 ሜጋባይት ይፈቀዳል እያለ የ1.5 ሜጋባይት ፋይል እንኳ በ413 («የተላከው ከመጠን በላይ ነው» በሚለው የስሕተት ቁጥር) መመለሱ ነው።

የትኛውን ነው የምንነካው? ቁጥሩንስ ስንት እናድርገው፣ 0 ብለን ገደቡን ማንሳት ይቻላል? ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ለሆነ ጫኚስ የጊዜ ገደቦቹን ማርዘም አለብን?

ሎግ_አንባቢ፦

ያያችኋቸው ሦስት ምልክቶች ሦስት የተለያየ ምክንያት አላቸው፤ አንድ በአንድ ልሂድ። በቅድሚያ ግን፣ የመመሪያዎቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ነው የማስቀምጠው፤ ፋይሉ ውስጥ ስታስገቡ በላቲን ፊደል ነው።

በእናንተ አደረጃጀት አንድ ፋይል ከብራውዘር ተነስቶ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ አራት በር ያልፋል፦ ክላውድፍሌር፣ ኤንጂንኤክስ፣ ፒኤችፒ፣ ዎርድፕረስ። እያንዳንዱ የራሱ መለኪያ አለው፤ የአንዱ ከፍ ማለት ለሌላው ምኑም አይደለም። በመጨረሻ የሚሠራው ከሁሉ ያነሰው ቁጥር ነው።

የሚዲያ ገጹ 2 ሜጋባይት ላይ የቆመው የተሳሳተውን ፋይል ስለነካችሁ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒ ሁለት የተለያዩ ማስተካከያ ፋይሎች አሉት። ተርሚናሉ የሚያነበው «/ኢቲሲ/ፒኤችፒ/8.3/ሲኤልአይ» ሥር ያለውን ነው፤ ድረ ገጹ የሚያነበው «/ኢቲሲ/ፒኤችፒ/8.3/ኤፍፒኤም» ሥር ያለውን። ስለዚህ ተርሚናሉ የሚነግራችሁ ስለ ራሱ ብቻ ነው። ትክክለኛውን ለማየት ዎርድፕረስ ውስጥ ቱልስ፣ ሳይት ኸልዝ፣ ኢንፎ፣ ሰርቨር ግቡ። ድረ ገጹ በትክክል የሚጠቀምበት ዋጋ እዚያ አለ። ሁለተኛው ችግር፣ ኤንጂንኤክስን ሪስታርት ማድረግ ፒኤችፒን አይነካውም። ኤፍፒኤም ራሱን የቻለ አገልግሎት ስለሆነ ሪሎድ መደረግ ያለበት እሱ ነው።

«.ኤችቲአክሰስ» የአፓቼ፣ ማለትም የሌላ ዌብ ሰርቨር፣ ማስተካከያ ፋይል ነው። ኤንጂንኤክስ አያነበውም፤ ስሕተት ያልመጣውም ለዚህ ነው። መስመሩን አጥፉት፤ ነገ ሌላ ሰው ሲያየው ይሠራል ብሎ ይታለልበታል።

413 የመጣው ደግሞ ከኤንጂንኤክስ ነው። «ክላየንት_ማክስ_ቦዲ_ሳይዝ» ካልተጻፈ 1 ሜጋባይት ነው። ፒኤችፒ ጋ ሳይደርስ በሩ ላይ ተመለሰ ማለት ነው፤ ዎርድፕረስ የሚያውቀው የፒኤችፒን ቁጥር ብቻ ስለሆነ 2 ይላል። የኤንጂንኤክስን የስሕተት ሎግ ብታዩ «ክላየንቱ ከመጠን ያለፈ አካል ሊልክ ነበር» የሚል መስመርና የባይት ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ለ1048576 ስታካፍሉት የፋይላችሁ መጠን ይወጣል፤ ትንሽ ትርፍ ይኖረዋል። ያቺ ትርፍ በኋላ ታስፈልገናለች።

ማስተካከያው፦

1. «/ኢቲሲ/ፒኤችፒ/8.3/ኤፍፒኤም/ኮንፍ.ዲ» ውስጥ «99-አፕሎድ.አይኤንአይ» የሚል አዲስ ፋይል ፍጠሩ። ዋናውን ፋይል ባትነኩት ይሻላል፤ ፓኬጁ ሲሻሻል የናንተ ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ እያለ ይጠይቃል። የዚህ ማውጫ ፋይሎች ከዋናው በኋላ በስም ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ 99 የመጨረሻውን ቃል ይዛለች። ሁለት መስመር ይበቃል፦ «አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ = 64ኤም» እና «ፖስት_ማክስ_ሳይዝ = 72ኤም»።

2. የድረ ገጹ የኤንጂንኤክስ ፋይል ውስጥ፣ ሰርቨር በሚለው ቅንፍ ውስጥ «ክላየንት_ማክስ_ቦዲ_ሳይዝ 72ኤም» ከመጨረሻው «;» ምልክት ጋር።

3. «ኤንጂንኤክስ -ቲ» ብላችሁ አረጋግጡ፤ ደህና ነው ካለ «ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ» በሁለቱም ላይ፦ በኤንጂንኤክስም በ«ፒኤችፒ8.3-ኤፍፒኤም»ም።

«ፖስት_ማክስ_ሳይዝ» ከፋይሉ ገደብ የሚበልጠው ከላይ ባልኳት ትርፍ ምክንያት ነው። ብራውዘሩ ፋይሉን ብቻውን አይልክም፤ የፋይሉ ስም፣ የፎርሙ ሌሎች መስኮችና ማካፈያ መስመሮች አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ልክ 64 ሜጋባይት የሆነ ፋይል አያልፍም። «ፖስት_ማክስ_ሳይዝ» ሲጣስ የሚመጣው ነገር ደግሞ መጥፎ ነው፦ ፒኤችፒ የፎርሙን ይዘት ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጎ ለስክሪፕቱ ያስረክባል። ተጠቃሚው «ምንም ፋይል አልመረጡም» የሚል ወይም ፈቃድዎ አልፏል የሚል ነገር ያያል፤ ስለ መጠን አንድም ቃል የለም። እውነቱ ያለው የፒኤችፒ ሎግ ውስጥ ነው፤ የመጣው የባይት ብዛት ገደቡን ማለፉን ይናገራል፤ የናንተ ገደብ 72 ከሆነ 75497472 ብሎ ይጽፈዋል።

ቀይ_ሽቦ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ የቀሩ ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው አጻጻፉ ነው። ፒኤችፒ የሚያውቀው ከቁጥሩ ኋላ የምትመጣ አንዲት ፊደል ብቻ ነው፦ ኬ፣ ኤም ወይም ጂ። ብዙ ሰው ኤምቢ ብሎ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ያለችውን ቢ ስለማያውቃት 64ን 64 ባይት ብሎ ይወስደዋል። ከፒኤችፒ 8.2 ወዲህ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ግን ዝም ነው የሚለው። ገደቡን ካነሳችሁ በኋላ ባሰበት የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን ይይ።

ሁለተኛው፣ ኤፍፒኤም የራሱ የፑል ፋይል አለው፤ «/ፑል.ዲ/ደብሊውደብሊውደብሊው.ኮንፍ»። እዚያ ውስጥ «ፒኤችፒ_አድሚን_ቫልዩ[አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ]» የሚል መስመር ካለ የአይኤንአይ ፋይላችሁን ይሽረዋል፤ ከሥሩ ያለ ምንም ነገር ሊቀይረው አይችልም። ሰርቨሩን ሌላ ሰው አዘጋጅቶላችሁ ከሆነ በ«ግሬፕ» ፈልጉት። ስክሪፕት ውስጥ «አይኤንአይ_ሴት» ብላችሁ መቀየርም አይቻልም፤ ስክሪፕቱ ሥራ ሲጀምር ፋይሉ ቀድሞ ደርሷል ወይም ቀድሞ ተመልሷል።

ሦስተኛው የኤንጂንኤክስ መስመር የሚገባበት ቦታ ነው። ሎግ_አንባቢ «ሰርቨር በሚለው ቅንፍ ውስጥ» ያለው በምክንያት ነው። በፒኤችፒ የሚያልቁትን አድራሻዎች በሚይዘው ሎኬሽን (ለተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ የሚሠራ ቅንፍ) ውስጥ ብቻ ብታስገቡት የሚዲያ ገጹ ይሠራል፤ የብሎክ ኤዲተሩ ግን 413 ይላል። ኤዲተሩ የሚልከው ወደ «/ደብሊውፒ-ጄሰን» አድራሻ ነው፤ ያ መጀመሪያ የሚያርፈው በጠቅላላው ሎኬሽን ላይ ስለሆነ ወደ ኢንዴክስ ፋይሉ ከመዞሩ በፊት በ1 ሜጋባይቱ ይለካል። «አንዱ ገጽ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም» ለሚባለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይሄ ነው።

ለአንድ አድራሻ ብቻ የተለየ ሎኬሽን ለመክፈት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ። አድራሻውን በእኩል ምልክት ለይታችሁ ቅንፍ ውስጥ የመጠኑን መስመር ብቻ ካስቀመጣችሁ፣ ያ ቅንፍ ጥያቄውን ለፒኤችፒ የሚያስተላልፈው «ፋስትሲጂአይ_ፓስ» ስለሌለው ኤንጂንኤክስ የፒኤችፒ ፋይሉን እንደ ተራ ጽሑፍ ለጎብኚው ያስረክበዋል። የፋስትሲጂአይ መስመሮቹ በሙሉ እዚያም መደገም አለባቸው።

0 ስለማድረግ፦ ኤንጂንኤክስም ሆነ «ፖስት_ማክስ_ሳይዝ» 0ን «ገደብ የለም» ብለው ይረዱታል። ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ኤንጂንኤክስ የመጣለትን በሙሉ መጀመሪያ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ላኪው መግቢያ ይኑረው አይኑረው የሚጣራው ከዚያ በኋላ ፒኤችፒ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ገደብ የሌለው በር ላይ የይለፍ ቃል የሌለው ማንም ሰው ዲስካችሁን ሊሞላው ይችላል። ዲስክ ሲሞላ ዳታቤዙም ይቆማል።

የቦታውን ሒሳብም አስቡት። አንድ የ60 ሜጋባይት ፋይል መጀመሪያ «/ቫር/ሊብ/ኤንጂንኤክስ/ቦዲ» ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ፒኤችፒ «/ቲኤምፒ» ውስጥ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ወደ አፕሎድስ ማውጫ ይሄዳል። አምስት ሰው በአንዴ ቢጭን ለጊዜያዊ ቅጂዎቹ ብቻ 600 ሜጋባይት ነው። «/ቲኤምፒ» ራም ላይ የተዘረጋ ከሆነ ይህ ከራም ነው የሚቀነሰው፤ «ዲኤፍ -ኤች /ቲኤምፒ» ብላችሁ ቲኤምፒኤፍኤስ የሚል ካያችሁ «አፕሎድ_ቲኤምፒ_ዲር»ን ወደ ዲስክ ማውጫ አዙሩት፤ ባለቤቱን ኤፍፒኤም የሚሠራበት ተጠቃሚ አድርጉት። ፒኤችፒ የስሕተት ቁጥር 6 ከሰጠ ጊዜያዊ ማውጫው የለም፣ 7 ከሰጠ መጻፍ አልቻለም ማለት ነው። 1 ብቻ ነው ስለ «አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ» የሚናገረው። 3 ከሆነ ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጧል።

«ሜሞሪ_ሊሚት»ን ከፋይሉ ጋር እኩል ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። በፎርም የሚመጣ ፋይል እየተቀዳ ዲስክ ላይ ነው የሚወርደው። ራም የሚበላው ምስል ሲሠራ ነው፦ 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ሲፈታ ለአንድ ፒክስል 4 ባይት ብንል 96 ሚሊዮን ባይት ይይዛል፤ ዲስክ ላይ ያለው ጄፔግ 5 ሜጋባይት ቢሆንም።

ሎግ_አንባቢ፦

ስለ ጊዜ የጠየቃችሁትን አልመለስኩም ነበር።

«ማክስ_ኤክስኪዩሽን_ታይም»ን 3600 አድርጉ የሚል ምክር በየቦታው ይገኛል። ለእናንተ ችግር አይረዳም። ኤንጂንኤክስ ከላይ እንደተባለው ፋይሉን እስከ መጨረሻው ተቀብሎ ሳይጨርስ ፒኤችፒን አይቀሰቅስም፤ «ፋስትሲጂአይ_ሪኩዌስት_ባፈሪንግ»ን ካላጠፋችሁት በስተቀር። ጫኚው 25 ደቂቃ ቢፈጅ ፒኤችፒ የሚያየው በሰርቨሩ ውስጥ በቅጽበት የሚደርሰውን ቅጂ ነው። የፒኤችፒ የጊዜ ገደቦች ስለ ጫኚው ኔትወርክ ምንም አያውቁም።

ዘገምተኛ መስመርን የሚመለከተው «ክላየንት_ቦዲ_ታይምአውት» ነው፤ ሳይነኩት 60 ሴኮንድ ነው። ይህም ለጠቅላላው ጭነት አይደለም፤ ከአንድ ንባብ እስከ ቀጣዩ ንባብ ያለውን ዝምታ ነው የሚለካው። እያዘገመ ግን ሳይቋረጥ የሚመጣ ፋይል አንድ ሰዓት ቢወስድም አይነካውም። ኔትወርኩ ለአንድ ደቂቃ ድምፁ ሲጠፋ ነው 408 (የላኪው ጊዜ አለፈ) ብሎ የሚዘጋው። የሞባይል ዳታ ከሆነ 180 ሴኮንድ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አይጨምርም፣ ግንኙነቱ ራሱ ቀድሞ ይሞታል።

504 (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ) የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ደርሷል፤ ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ ነው የዘገየው፤ ለምሳሌ ዎርድፕረስ ትናንሽ ምስሎችን ሲያዘጋጅ። ኤንጂንኤክስ የፒኤችፒን መልስ የሚጠብቀው 60 ሴኮንድ ነው፤ «ፋስትሲጂአይ_ሪድ_ታይምአውት»ን 180 ማድረግ ያኔ ትርጉም አለው።

እንጦጦ_ኔት፦

ይህን ገጽ በፍለጋ አግኝተው ለሚመጡ የአፓቼ ተጠቃሚዎች ባጭሩ፦ አፓቼ እስከ 2.4.53 ድረስ ሳይነኩት ገደብ አልነበረውም፤ ከ2.4.54 ጀምሮ «ሊሚትሪኩዌስትቦዲ» 1073741824 ባይት፣ ማለትም 1 ጊጋባይት ሆኗል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አጥፊው እሱ አይደለም። ሞድሴኩሪቲ (ጥያቄዎችን የሚያጣራ የደህንነት ሞጁል) የተጫነ ከሆነ ግን የሚመከረው ማስተካከያው 13107200 ባይት ነው፤ 12 ሜጋባይት ተኩል። 10 ሜጋባይት አልፎ 13 የማያልፍ ከሆነ ወደ እሱ ሂዱ። «ፒኤችፒ_ቫልዩ»ን «.ኤችቲአክሰስ» ውስጥ ማስገባት የሚሠራው ፒኤችፒ የአፓቼ ሞጁል ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው፤ በኤፍፒኤም ከሆነ መላው ድረ ገጽ 500 ይላል። በዚያ ጊዜ «.ዩዘር.አይኤንአይ» ተጠቀሙ፤ ፒኤችፒ በየ300 ሴኮንዱ ስለሆነ የሚያነበው፣ ቀይራችሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አልሠራም ብላችሁ አትደምድሙ።

የዎርድፕረስ መልቲሳይት (በአንድ ዎርድፕረስ ብዙ ድረ ገጽ) የምትጠቀሙ ደግሞ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ የራሱ ገደብ አለ፤ ሲጫን 1500 ኪሎባይት ሆኖ ይመጣል። ሁሉም በር ተከፍቶ 1.5 ሜጋባይት ላይ የሚቆመው በዚህ ነው።

የጋዜጣ_ማኅደር፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። የተባለው ሁሉ ተደርጓል። ሳይት ኸልዝ 64 ያሳያል፤ የ58 ሜጋባይት ፒዲኤፍ በሁለቱም ገጽ አልፏል። የፑል ፋይሉም ንጹሕ ነው።

ለጥራዞቹ ብለን ለሙከራ ፒኤችፒን 200፣ ፖስቱንና ኤንጂንኤክስን 210 አደረግን። 95 ሜጋባይት አለፈ። 140 ሜጋባይት ግን እንደገና 413። አሁን የኤንጂንኤክስ የስሕተት ሎግ ላይ ምንም የለም፤ የአክሰስ ሎጉ ላይም 413 የሚል መስመር የለም።

ሎግ_አንባቢ፦

የአክሰስ ሎጉ ባዶ መሆኑ መልሱን ይዟል፤ ጥያቄው ሰርቨራችሁ ጋ አልደረሰም። የክላውድፍሌር ነፃውና ፕሮው አገልግሎት በአንድ ጥያቄ ከ100 ሜጋባይት በላይ አያሳልፉም፤ ቢዝነሱ 200 ነው። ከእናንተ በኩል በሴቲንግ የሚነሳ አይደለም።

የ413 ገጹን ራሱን አስተውላችሁ እዩት። ነጭ ገጽ፣ መሐል ላይ ደማቅ ርዕስ፣ ከሥሩ ቀጭን መስመር፣ ከመስመሩ በታች አንድ ስም። ያ ስም ኤንጂንኤክስ ከሆነ በሩ የናንተ ነው፤ ክላውድፍሌር ከሆነ የነሱ። የምላሹ ሄደር ላይ «ሰርቨር» የሚለውን አትመኑ፤ ክላውድፍሌር የናንተን መልስ ሲያስተላልፍም የራሱን ስም ነው እዚያ የሚጽፈው።

ያለ ክላውድፍሌር ለመሞከር ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ «ፋልኦኬት -ኤል 140ኤም» ብላችሁ ባዶ ፋይል ፍጠሩ፣ ከዚያ ከተርሚናል ጥያቄ የሚልከውን «ከርል»ን በ«--ሪዞልቭ» የድረ ገጻችሁን ስም ወደ 127.0.0.1 አዙራችሁ ላኩት። መግቢያ ስለሌለው ዎርድፕረስ እምቢ ይላል፤ ያ ችግር የለውም። 413 ካልሆነ በሩ ክፍት ነው።

ክላውድፍሌርን ማለፊያው ፕሮክሲ ያልተደረገበት፣ ማለትም በክላውድፍሌር በኩል የማያልፍ፣ ሰብዶሜይን ነው፤ ዲኤንኤስ ላይ ደመናውን ግራጫ ማድረግ። ግን የሰርቨሩ አይፒ በግልጽ ይታያል፤ ክላውድፍሌርን ያስገባችሁት ጥቃት ለመከላከል ከሆነ ያ ጥበቃ አበቃ ማለት ነው።

ቀይ_ሽቦ፦

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማሳደግ መቆም አለበት ባይ ነኝ። 180 ሜጋባይት፣ ወደ ላይ የሚልከው ፍጥነት በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሆነ መስመር፣ 1440 ሴኮንድ ነው፤ 24 ደቂቃ አንዴም ሳይቋረጥ። 23ኛው ደቂቃ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ወይም መብራት ከሄደ ጫኚው ከዜሮ ይጀምራል፤ ዳታውንም ሁለተኛ ይከፍላል። ያንን ሰው ምንም ዓይነት ገደብ ማንሳት አይረዳውም። የሚረዳው ከቆመበት የሚቀጥል መንገድ ነው።

አንዱ መንገድ በቁራጭ የሚጭን ፕለጊን ነው። ፋይሉ ብራውዘር ላይ 5፣ 5 ሜጋባይት ተቆርሶ ይሄዳል፤ በዚያው መስመር አንዱ ቁራጭ 40 ሴኮንድ ነው፤ ሲቋረጥ የሚጠፋው እሱ ብቻ ነው። የክላውድፍሌርም ሆነ የኤንጂንኤክስ ገደብ ያኔ አይመለከታችሁም። ነገር ግን መቁረስና መቀጠል አንድ አይደሉም። ብዙዎቹ ይቆርሳሉ፣ ሲቋረጡ ግን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ከመምረጣችሁ በፊት ግማሽ ላይ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ አብሩት። ቲዩኤስ በሚባለው ፕሮቶኮል የሚሠራ ከሆነ ሰርቨሩን መጀመሪያ «እስከ ስንተኛው ባይት ደርሶሃል?» ብሎ ይጠይቅና ከዚያ ይቀጥላል።

ጫኚዎቹ ጥቂትና የሚታወቁ ከሆኑ ግን የእኔ ምርጫ ኤስኤፍቲፒ (በኤስኤስኤች በኩል ፋይል መላኪያ) ነው። ዊንዶውስ ላይ ዊንኤስሲፒ ከ100 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ፋይል «.ፋይልፓርት» በሚል ቅጥያ እየጻፈ ሲቋረጥ ከዚያው ይቀጥላል። ሊኑክስ ላይ «አርሲንክ --ፓርሻል --አፔንድ-ቬሪፋይ»። ሁለት ጥንቃቄ፦ ክላውድፍሌር ፖርት 22ን አያሳልፍም፤ በድረ ገጹ ስም ሳይሆን በአይፒ ግቡ። ለጫኚዎቹ የሚሰጠው መለያ ደግሞ ማውጫው ውስጥ የታጠረ ይሁን፤ «ችሩትዳይሬክተሪ» የተባለው ማውጫ ባለቤቱ ሩት (የሰርቨሩ ዋና ተጠቃሚ) ካልሆነ ወይም ለግሩፑ መጻፍ ከፈቀደ ኤስኤስኤች ያለ በቂ ማብራሪያ ያባርራቸዋል። መጻፊያውን ከሥሩ ሌላ ማውጫ አድርጉት።

ፋይሉ ከደረሰ በኋላ በደብሊውፒ-ሲኤልአይ (የዎርድፕረስ የተርሚናል መሣሪያ) «ሱዶ -ዩ ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ ደብሊውፒ ሚዲያ ኢምፖርት» እና የፋይሉ ስም። በተርሚናል ስለሚገባ ከአራቱ በሮች አንዱም አይነካውም። በሩት አታስኬዱት፤ የሩት ሆኖ የገባን ፋይል በኋላ ከዎርድፕረስ ገጽ ላይ ማጥፋት ላይቻል ይችላል።

እንጦጦ_ኔት፦

ጋዜጣ ስካን ስለሆነ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም ከፊደላችን ጋር የተያያዙ ናቸው።

የፋይል ስም። ሊኑክስ ላይ በተለመደው ኢኤክስቲ4 አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። የላቲን ፊደል 1 ባይት ነው፤ የግዕዝ ፊደል 3። «አዲስ-ዘመን-መስከረም-3-1967» የሚል ፒዲኤፍ 11 የግዕዝ ፊደል፣ 4 ሰረዝ፣ 5 አኃዝ፣ ከቅጥያው ጋር 46 ባይት ነው፤ ደህና ነው። የዜናውን ርዕስ ሙሉውን በስሙ ላይ የሚጽፍ ሰው ካለ ግን 83 ፊደል አካባቢ ያበቃል፤ ዎርድፕረስ ደግሞ ለትናንሽ ምስሎች ስሙ ላይ ልኬት ይጨምራል። 60 ፊደል ላይ ብታቆሙ ሰላም ነው። የዎርድፕረስ አድራሻ ላይ ይብሳል፦ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ተጽፎ 9 ቦታ ይወስዳል፤ የዳታቤዙ መስክ 200 ብቻ ስለሆነ 22 ፊደል ሲሆን ይቆረጣል። ፋይሉ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ስሙ ረጅም የሆነው ብቻ ካላለፈ ይህን እዩ።

መጭመቅ። 180 ሜጋባይቱን ጎስትስክሪፕት በተባለው የፒዲኤፍ መሣሪያ ላይ «/ኢቡክ» በሚለው አሠራር ብታሳልፉት ምስሎቹን ወደ 150 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) ያወርዳቸዋል፤ ለንባብ የሚቀርበው ቅጂ ብዙውን ጊዜ ከ64 በታች ይገባል። 300 ዲፒአዩን ዋና ቅጂ ግን አታጥፉት፤ ድረ ገጹ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ አስቀምጡት። በትንሽ የጋዜጣ ፊደል ላይ ለ እና ሉን፣ ጸ እና ጹን የምትለየው ቅጥያ ሁለት ሦስት ፒክስል ናት። በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ደግሞ ከጄቢግ2 (የጥቁርና ነጭ ምስል መጭመቂያ) መረጃ የሚያጣ አጨማመቅ ነው። ይመሳሰላሉ ያላቸውን ቅርጾች በአንድ ቅርጽ ይተካቸዋል። 2013 ላይ ስካነሮች አንዱን አኃዝ በሌላ ተክተው መገኘታቸው የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት ጭረት ድምፁን በምትለውጥበት ፊደል ላይ ደግሞ ገጹ ጥርት ብሎ እየታየ ቃሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። የስካነሩ ሶፍትዌር ምርጫው ውስጥ ካለ አጥፉት።

የጋዜጣ_ማኅደር፦

የስካነሩ ሴቲንግ ውስጥ ጄቢግ2 በርቶ ነበር፤ አጥፍተነዋል። በዚያ አሠራር የተነሱት ገጾች ከወረቀቱ ጋር እየተመሳከሩ እንደገና ይነሳሉ።

በመጨረሻ የተውነው፦ ፒኤችፒ 64፣ ፖስትና ኤንጂንኤክስ 72፣ «ክላየንት_ቦዲ_ታይምአውት» 180። ከ64 በላይ የሆነው በኤስኤፍቲፒ። ሁለት ጥራዝ በዚህ መንገድ ገብቷል፤ አንደኛው ሦስት ጊዜ ተቋርጦ ከቆመበት ቀጥሏል። የቀረ ነገር ካለ ንገሩን።

ሎግ_አንባቢ፦

ለሙከራ የፈጠራችሁትን የ140 ሜጋባይት ባዶ ፋይል አጥፉ። «/ኤፍፒኤም» ሥር ያደረጋችሁት ነገር ስላለ በ«ሲኤልአይ» በኩል ያለውን 200 ወደ ነበረበት መልሱት። ፒኤችፒ 8.3ን ወደ ሌላ ስሪት ስታሻሽሉ ደግሞ ማውጫው አዲስ ስለሚሆን «99-አፕሎድ.አይኤንአይ» አብሮ አይሄድም፤ እንደገና 2 ሜጋባይት ካያችሁ ፋይሉን ወደ አዲሱ «ኮንፍ.ዲ» ቅዱት።